የቤተ ሰብ ምክር፦ ሥራ ፈላጊውና አገናኙ

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ልጆች አስተዳደግ ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ግን ከቤት ወጥተን ወደ አንድ ቢሮ ደጃፍ ልንወስዳችሁ እንወዳለን። ይኸውም ሥራ ፈላጊውን ከአሠሪው ጋር የሚያገናኘው ኤጀንሲ ነው። ይህ የቤተ ሰብ ጉዳይ አይደለም የሚል ሰው ቢኖር፥ ተምሮ ሥራ ያጣ ልጅ ያለበት ቤት በእራት ሰዓት ምን ያህል ዝም እንደሚል ያላየ መሆን አለበት።

ቀደም ባለው ጊዜ በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ወጣት አራት ኪሎ ወርዶ፥ በጥቂት ሳንቲም ጋዜጣ ተከራይቶ፥ የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ ቆሞ ያነብ ነበር። ዛሬ ብዙ ወጣት ያንኑ ማስታወቂያ በእጅ ስልኩ ላይ በቴሌግራም ይከታተላል። ነገር ግን ማስታወቂያ ሳይወጣባቸው የሚሞሉ የሥራ ቦታዎችም አሉ። አሠሪው የመቶ ሰው ማመልከቻ ማገላበጥ ሲከብደው፥ «እንዲህ ያለ ሰው ፈልግልኝ» ብሎ ለአገናኝ ይነግራል። ስለዚህ አገናኙን እንዴት መቅረብ እንደሚገባ ማወቅ ዛሬ የሥራ ፍለጋው አንዱ ክፍል ሆኗል።

አስቀድመን የራሳችንን ስሕተት እንናገር። ከሁለት ዓመት በፊት ከጎረቤታችን ልጆች አንዱ ሊያማክረን መጣ። ይህ ወጣት በአንድ የንግድ ድርጅት ውስጥ አራት ዓመት የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆኖ ሠርቷል። በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ሲደረግ ዕቃ ጎደለ። ሌባ ነህ ያለው ሰው ባይኖርም፥ በቸልተኝነት ተጠያቂ ሆኖ ተሰናበተ። እናቱ መበለት ናቸው፤ ሁለት ታናናሾቹም ትምህርት ቤት የሚሄዱት በእርሱ ደመወዝ ነበር። እንግዲህ «ለምን ለቀቅህ ብለው ቢጠይቁኝ ምን ልበል?» ሲል ጠየቀን። እኛም ልቡን ልናጽናና ብለን፥ «ስለ ጉድለቱ አታንሣ፤ በራሴ ፈቃድ ለቀቅሁ በል» ብለን መከርነው። ይህን ስንል ለልጁ ያዘንንለት መስሎን ነበር።

ወጣቱ ይህን ቃል ይዞ ወደ አንድ አገናኝ ኤጀንሲ ሄደ። የተቀበሉት ወይዘሮ በዚህ ሥራ ብዙ ዘመን የቆዩ ነበሩ። የሥራ ልምድ ማስረጃውን አይተው፥ አነጋገሩንም ወደውለት፥ ግምጃ ቤት ጠባቂ ለሚፈልግ አንድ ድርጅት አቀረቡት። ድርጅቱም ወደደው። ነገር ግን ከመቅጠሩ በፊት ወደ ቀድሞው አሠሪ ስልክ ደወለ፤ የጉድለቱም ነገር ወጣ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ማለት ይኸው ነው። ቦታውም ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ወይዘሮዋ ወጣቱን አስጠርተው እንዲህ አሉት፦ «ልጄ፥ ያሳዘነኝ የዕቃው መጉደል አይደለም። ዕቃ ይጎድላል፤ ሰውም ይሳሳታል። ያሳዘነኝ ያንተን ቃል እንደ ራሴ ቃል አድርጌ መናገሬ ነው። እኔ የምሸጠው ሸቀጥ የለኝም፤ ያለኝ መታመን ብቻ ነው።»

በዚህ ንግግር ውስጥ ስለ አገናኝ ሥራ ሊታወቅ የሚገባው ዋና ነገር ሁሉ ተጠቃሎ ይገኛል። አገናኙ አሠሪው ፊት የሚቆመው የሥራ ፈላጊውን ቃል ተሸክሞ ነው። የተጫነበት ቃል የጸና እንደ ሆነ ጸንቶ ይቆማል፤ የላላ እንደ ሆነ ግን ሁለቱም አብረው ይወድቃሉ።

ደግሞም አገናኙ ለማን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ሕጋዊው ኤጀንሲ ዋጋውን የሚቀበለው ከአሠሪው ነው። ስለ ግል የሥራ አገናኝ ኤጀንሲዎች የወጣው 181ኛው ዓለም አቀፍ የሥራ ስምምነት፥ ኤጀንሲው ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይቀበል በመሠረቱ ይከለክላል። ኢትዮጵያም ይህን ስምምነት በ1991 ዓ.ም. ተቀብላ አጽድቃዋለች። ስለዚህ «መመዝገቢያ»፥ «ማፋጠኛ»፥ «የቦታ ማስያዣ» እያለ ከሥራ ፈላጊው ገንዘብ የሚጠይቅ ሁሉ ገና በመጀመሪያው ቃሉ ማንነቱን አሳይቷል። ይሁን እንጂ ከዚህ ሌላ ትምህርትም ይወጣል። ዋጋውን የሚከፍለው አሠሪው ከሆነ፥ አገናኙ የሥራ ፈላጊው ጠበቃ ወይም የሥጋ ዘመድ አይደለም ማለት ነው። ጠላቱም አይደለም። ለተፈለገው ቦታ የሚስማማውን ሰው የሚፈልግ ባለሙያ ነው። እንግዲህ የሥራ ፈላጊው ድርሻ ልመናና ቅሬታ ሳይሆን፥ ለየትኛው ቦታ እንደሚስማማ በግልጥ ማሳየት ነው።

ይህስ እንዴት ይሆናል? «ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ» የሚለው ቃል ትሕትና ቢመስልም፥ አገናኙን ምንም አይረዳውም። የምን ሥራ እንደሚችል፥ ስንት ዓመት እንደ ሠራበት፥ ሊቀበለው የሚችለው ዝቅተኛ ደመወዝ ምን ያህል እንደ ሆነ፥ በየትኛው ሰፈር ወይም ከተማ ለመሥራት እንደሚችል፥ መቼ ሊጀምር እንደሚችል በግልጥ ይንገረው። ዋስ የሚያስፈልገው ሥራ እንደ ሆነም ዋስ ማግኘት አለማግኘቱን አስቀድሞ ያስታውቀው። ከሥራ ርቆ የከረመበት ጊዜ ቢኖር ምክንያቱን አይደብቅ። እናቱን ሲያስታምም የቆየ ሰው በዚህ የሚያፍርበት ነገር የለውም።

ማስረጃውንም አሟልቶ ይያዝ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፥ ሠራተኛው ሲሰናበት ወይም በጠየቀ ጊዜ ሁሉ የሥራውን ዓይነት፥ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ማስረጃ አሠሪው እንዲሰጠው ያዛል። ተኰራርፎ በመለያየቱ ይህን ማስረጃ ሳይቀበል የቀረ ሰው ዛሬውኑ ሄዶ ይጠይቅ። ለአገናኙ ግን ቅጂውን እንጂ ዋናውን አይስጠው፤ ዋናውን አሳይቶ ይመልሰው።

ብዙዎች በአንድ ቀን አምስት ኤጀንሲ ዞረው ሲቪያቸውን ይበትናሉ። ከአንድ በላይ ወደ ሆነ አገናኝ መሄድ ነውር የለበትም። ሆኖም ሁለት አገናኞች አንዱን ሰው ለአንድ አሠሪ ያቀረቡት እንደ ሆነ፥ ዋጋው የሚገባው ለማን ነው የሚል ክርክር ይነሣል፤ አሠሪውም ክርክሩን ሸሽቶ ሌላ ሰው ይቀጥራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ ነው። መድኃኒቱ አንዲት ትንሽ ደብተር ናት። በየትኛው ቀን፥ በየትኛው ኤጀንሲ በኩል፥ ለየትኛው ድርጅት ስሙ እንደ ቀረበ ይጻፍባት። አገናኙንም «ሳያስታውቁኝ ማስረጃዬን ለማንም እንዳይልኩ» ብሎ በአክብሮት ይጠይቀው።

የጥያቄው ተራ ለሥራ ፈላጊውም ይደርሳል። ከሁሉ በፊት፥ «አሠሪዬ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ምክንያቱም ኤጀንሲ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ሰውን ከአሠሪው ጋር አገናኝቶ ከመካከል ይወጣል። ሁለተኛው ግን ሠራተኛውን በራሱ ሥር ቀጥሮ ወደ ሌላ ድርጅት ያሰማራል፤ ይህም በጥበቃና በጽዳት ሥራ ዘንድ የተለመደ ነው። በዚህ ጊዜ ሠራተኛው የሚውለው አንድ ቦታ፥ ደመወዙን የሚቀበለው ከሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ ደመወዙን የሚከፍል፥ የዓመት ፈቃድ የሚሰጥ፥ የጡረታ መዋጮ የሚያስገባ ማን እንደ ሆነ ሳይረዳ አይፈርም። በግል ድርጅት የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ከደመወዙ 7 በመቶ፥ አሠሪውም 11 በመቶ ለጡረታ ማዋጣት አለባቸው። የሙከራ ጊዜም ቢኖር ከ60 የሥራ ቀን እንደማይበልጥ ሕጉ ወስኗል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ ደግሞ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ቃል የሚያስረዳ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው ሊሰጠው ይገባል። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ጠንቃቃ አገናኝ እንዲህ የሚጠይቀውን ሰው ያከብረዋል፤ ሥራውን ካልወደደው ዛሬ እንጂ ከገባ በኋላ እንደማይተወው ያውቃልና።

ሥራው ባሕር ማዶ የሆነ እንደ ሆነ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን። ፈቃድ የሌለው ደላላ ሰውን ወደ ውጭ አገር ለሥራ መላክ አይችልም። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛን፥ የደርሶ መልስ ትኬትን፥ የመኖሪያ ፈቃድንና የመድን ወጪን በአሠሪው ላይ ጥሏል። እንግዲህ «ለቪዛ» ተብሎ በሬ ሸጦ፥ ወርቅ አስይዞ ገንዘብ መክፈል ከየት የመጣ ነው? ኤጀንሲው ፈቃድ ያለው መሆኑን ልጅቱ ከመሄዷ በፊት ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ጠይቆ ማረጋገጥ የወላጅ ድርሻ ነው።

ከተመዘገበም በኋላ ሥራ ፈላጊው አገናኙን ጨርሶ አይርሳው፥ በየቀኑም እየደወለ አያስጨንቀው። በአሥር ወይም በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ በአጭር ቃል ማስታወስ ይበቃል። ሲጠራ በሰዓቱ ይድረስ። ለቀጠሮ መሄድ ካልቻለ አስቀድሞ ያስታውቅ። ሌላ ሥራ ካገኘም ዝም ብሎ አይጥፋ፤ አመስግኖ ይንገረው። አገናኙ በልቡ የሚይዘው እንዲህ ያለውን ሰው ነውና። ደግሞም ተመዝግቤአለሁ ብሎ ቤቱ አይቀመጥ። አገናኙ አንዱ በር እንጂ ብቸኛው በር አይደለምና፥ የራሱን ፍለጋ አያቋርጥ።

አሁን ወደ ጎረቤታችን ልጅ እንመለስ። ወይዘሮዋ ያን በተናገሩት ጊዜ ወጣቱ፥ «ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ እንጂ የእኛን ስም አላነሣም። ከዚያም ነገሩን እንደ ሆነው አንድ ባንድ ተረከላቸው። ዕቃው የጎደለው በቸኮለ ምሽት አለቃው በቃል ስላዘዘው ያለ ወጪ ማዘዣ በማስወጣቱ ነበር። ወይዘሮዋም፥ «እንግዲህ ይህንኑ በሦስት ቃል ተናገር፦ የሆነውን፥ ያጠፋኸውን፥ ከዚያ ወዲህ የምትጠነቀቅበትን። ከዚያ በላይ አትጨምር፤ የቀድሞ አለቃህንም አትማ» ብለው መከሩት። ከሁለት ወር በኋላ ለሌላ ድርጅት አቀረቡት፤ የጉድለቱንም ታሪክ ራሳቸው አስቀድመው ነገሩ። የተሰጠው ቦታ የረዳትነት ነበር፤ ደመወዙም ከቀድሞው ያነሰ ነበር። እርሱ ግን ተቀበለው። ዛሬም እዚያው ይሠራል፤ ያለ ፊርማ አንዲት ካርቶን እንኳ ከበር እንደማታልፍ እናቱ እየሣቁ ነግረውናል።

እኛም ሄደን ስለ ምክራችን ይቅርታ ጠየቅነው። እርሱም፥ «እናንተ ያላችሁት እኔ ለመስማት የፈለግሁትን ነው» አለን። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣም።

ወላጆችና ታላላቆች ሆይ፥ ሥራ ያጣ ልጅ ሊያማክራችሁ ሲመጣ ልታጽናኑት ብላችሁ የሚሰበር ምርኩዝ አታስይዙት። ከእርሱ ጋር ተቀምጣችሁ ታሪኩን በእውነት እንዲናገር አለማምዱት፤ ውሉንም ከመፈረሙ በፊት አብራችሁ አንብቡለት።