እማዬ በአውቶቡስ ሄደች

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ፣ ከቢሮ ቤት ስደውል ስልኩን ያነሳችው የሰባት ዓመት ልጄ ነበረች። “እምዬን አቅርቢልኝ” አልኳት። “እምዬ የለችም፤ በአውቶቡስ ሄዳለች” አለችኝ፣ አያቷ ጎረቤት ቡና ልትጠጣ የወጣች ያህል ቀለል አድርጋ። እኔ ግን ደነገጥኩ። እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል። የሄደችው ደግሞ ከየካ አባዶ ቀበና ነው፤ መገናኛ ላይ ወርዶ ሌላ አውቶቡስ መያዝ አለ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶልን ከቀበና ስንለቅ እኔና ባለቤቴ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። የራስ ቤት አገኘን፤ ልጃችንም የምትሮጥበት ግቢ አገኘች። እናቴም ዕቃዋን ጠቅልላ አብራን መጣች። አንድ ነገር ግን እዚያው ቀረ፦ ዕድሯ። “እዚህ ሰፈር ሌላ ዕድር ግቢ” ስንላት “ሠላሳ ዓመት የከፈልኩበትን ትቼ? የሚያውቁኝ እኮ እዚያ ናቸው” አለች። እኔም “እንግዲያው በመኪና አመላልስሻለሁ” አልኳት። ቃል መግባት ምን ይከብዳል?

አንድ ቀን የድሮ ጎረቤታችን አረፉ። ቀብሩ 9 ሰዓት ላይ ነበር። እናቴ ጠዋት ደውላ “በአውቶቡስ ልሂድ እንዴ?” ስትለኝ “በዚህ ጉልበትሽ? በፍጹም! ጠብቂኝ፣ 7 ሰዓት ላይ መጥቼ እወስድሻለሁ” አልኳት። ስብሰባው ተራዘመ፤ መንገዱም ተዘጋጋ። ስንደርስ ለቀስተኛው ከቀብር ተመልሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። ስንመለስ እናቴ መንገዱን ሙሉ ቃል አልተነፈሰችም። ቀብር አለመድረስ በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከዚያ በኋላ ቀበና ውሰደኝ ብላኝ አታውቅም። መሄዱን የተወች መስሎኝ ነበር። ለካ የተወችው መጠየቁን ነው።

የዚያን ቅዳሜ ማታ “በስልክ የሚጠራውን ታክሲ ልዘዝልሽ፤ ሂሳቡን እኔ እከፍላለሁ” ብዬ ለመንኳት። “እሱን ለመጥራትም አንተን መጥራት አለብኝ” አለችኝ። “አውቶቡስ ግን ማንንም አያስለምነኝም።” መልስ አጣሁ። በሚቀጥለው እሑድ ጠዋት አብሬያት ወጣሁ።

ማፈሬን አልደብቃችሁም። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። የምሠራበት ድርጅት ለማስታወቂያ የአውቶቡስ ጎን ሲከራይ ቀለሙን የመረጥኩት፣ በየአደባባዩ ስንት ሰው እንደሚያየው ያሰላሁት እኔ ነኝ። ውስጡ ስለተሳፈሩት ሰዎች ግን አስቤ አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ ከጨረስኩ ወዲህ የከተማ አውቶቡስ ላይ አልወጣሁም ነበር።

እናቴ ዝርዝር ብሯን በመሐረብ ቋጥራ ይዛለች። ከሩቅ ግንባሩ ላይ ያለውን ቁጥርና መድረሻ እያነበበች “ይሄ የእኛ አይደለም” ትለኛለች። የመጀመሪያው ሞልቶ ስለነበር አለፈን። ሁለተኛው ላይ ወጣን። ገና እንደገባን አንድ ወጣት ብድግ ብሎ “እማማ፣ እዚህ ይቀመጡ” አላት። አጠገቧ የነበሩት ሴትዮ ደግሞ ቀድሞ ያውቋታል፤ “ጉልበትሽ እንዴት ዋለ?” ብለው ጠየቋት። እኔ መኪና ውስጥ ሬዲዮ እየሰማሁ ብቻዬን ስመላለስ፣ እናቴ ለካ የመንገድ ወዳጆች አፍርታለች።

አዲስ አበባ የከተማ አውቶቡስ ያወቀችው ጣሊያን ከወጣ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። “አንበሳ” የሚለው ስም ከመለመዱ የተነሳ ትልልቆቹ ሰዎች የትኛውንም የከተማ አውቶቡስ አሁንም “አንበሳ” ነው የሚሉት። በ2008 መስከረም ላይ ቀላል ባቡሩ ተጨመረ፤ በኋላም ሸገር መጣ። ባቡሩ ግን ሐዲዱ ካለበት አይወጣም። ከተማው እየሰፋ ሲሄድ ዳር ያሉትን የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ከድሮ ሰፈራቸው ጋር የማገናኘቱ ሸክም በአብዛኛው የወደቀው አውቶቡስና ሚኒባስ ላይ ነው። አንድ ትልቅ አውቶቡስ የተቀመጠውንም የቆመውንም ደምሮ እስከ 100 ሰው ይይዛል። እኔ ቪትዜን ይዤ ብቻዬን ስወጣ፣ በዚያው መንገድ ላይ ቦታ የምይዘው ለአንድ ሰው ነው።

በሙያዬ አንድ የማውቀው ነገር አለ። የሚያማርር ደንበኛ ገና ከእናንተ ጋር ነው፤ አስቸጋሪው ዝም ብሎ የሚሄደው ነው። መኪና የገዛን ቤተሰቦች አውቶቡሱን የተሰናበትነው እንዲሁ ዝም ብለን ነው። ስንሄድ ደግሞ ስለ አውቶቡስ መጠየቁንም አብረን ተውነው። እናቶቻችን፣ የቤት ሠራተኞቻችን፣ ነገ ደግሞ ልጆቻችን እንደሚሳፈሩበት ረሳን። የእናቴ ጥያቄ ብዙ አይደለም። አውቶቡሱ መቼ እንደሚመጣ ማወቅ፣ እስኪመጣ የምትቀመጥበት ጥላ ያለው አግዳሚ፣ ደግሞም ሳትቀመጥ የማይነሳ ሾፌር። ይህንን መጠየቅ የእኛም ፋንታ ነው። ሌላም ከእኛ የሚጠበቅ ነገር አለ፦ ለአውቶቡስ ብቻ በተለየ መስመር “አንዴ ልለፍ” ብለን ስንገባ የምንሰርቀው የሰውን ሰዓት ነው፤ ምናልባትም ለቀብር የሚጣደፍን ሰው ሰዓት።

በዚህ ወር አንድ ቀን ቤተሰባችሁን ይዛችሁ ተሳፈሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓትን ተዉት፤ ከጠዋቱ 3:30 በኋላ ይሻላል። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን መድረሻውንም አንብቡ። ዝርዝር ብር ያዙ፤ ቦርሳችሁን ከፊት አድርጉ። ከአዛውንት ጋር ከሆናችሁ ሲወጡ ከኋላቸው፣ ሲወርዱ ከፊታቸው ሁኑ። ልጆቻችሁን ደግሞ መስኮት ዳር አስቀምጧቸው፤ ከተማቸውን ከፍ ብለው ያዩታል።

እኔና እናቴ አሁን ተስማምተናል። መኪናው ባዶ ሲሆን አደርሳታለሁ፤ በሌላው ቀን ግን “ጠብቂኝ” አልላትም። ባለፈው ሳምንት ቀበና ሌላ ለቅሶ ነበር። እኔ እንደተለመደው ስብሰባ ላይ ነኝ። 8 ሰዓት ተኩል ሲሆን ወጣ ብዬ ደወልኩላት። ከኋላዋ የሰው ድምፅ ይሰማል።

“የት ደረስሽ እማዬ?”

“ደርሻለሁ” አለችኝ። “አንተ ሥራህን ሥራ።”