የነፍሰ ጡሯ መረጃ ጤና ኬላ እንዳይቀር

በደሴ ዙሪያና በቃሉ ወረዳዎች በልማታዊ ሴፍቲኔት የታቀፈች ነፍሰ ጡር፣ በመመሪያው መሠረት ከማኅበረሰብ ሥራ ነፃ ሆና ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ ትዛወራለች። ከወለደች በኋላም ድጋፉ ይቀጥላል፤ እሷም የእርግዝና ክትትልና የሥነ ምግብ ትምህርት ትከታተላለች።

እርግዝናዋን አስቀድማ የምታውቀው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት። የሥራ ምድቧን የሚይዘው ግን የግብርናው ዘርፍ ነው። መረጃው ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ካልደረሰ፣ እናቲቱ ለእርከን ሥራ ድንጋይ መሸከሟን ትቀጥላለች።

ስለዚህ የቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል የሁለቱን መዝገብ በየወሩ ማመሳከር ይጠበቅበታል። አባወራውም ድርሻ አለው። ለነፍሰ ጡር በቀን አንድ፣ ለምታጠባ እናት ሁለት ተጨማሪ ምግብ ይመከራል፤ እንቁላሉ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ለእሷ የሚበቃው ቤት ይቅር።