ፉርጎውን ማን ለካው?

በአገራችን አንድን ሥራ ለመግደል ሰይፍ መምዘዝ አያስፈልግም፤ «የልጅ ጨዋታ ነው» ማለት ይበቃል። ሽቦ ጠምዝዞ፣ የሰርዲን ቆርቆሮ ቀዶ፣ ቆርኪ ጎማ አድርጎ መኪና የሠራ ልጅ ከቤቱ የሚጠብቀው ምርቃት አይደለም፤ «ተው ይኼን ውዳቂ! ደብተርህን ያዝ!» የሚል ቁጣ ነው። የሠራው ይቆጡታል፣ የሸመደደው ይሸለማል። የዚህ ጽሑፍ ጠብም ከዚሁ ልማድ ጋር ነው። አሮጌ የባቡር ፉርጎ ለክቶ፣ መጠኑን በስሌት አሳንሶ፣ ከፕላስቲክ ቆርጦና አጣብቆ መሥራት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ይህም ትምህርት ከማንም በፊት የሚገባው ባቡር ደጃፉ ላልደረሰ ለደብረ ብርሃንና ለአንኮበር ልጅ ነው።

«ባቡር የማያልፍበት አገር ስለ ፉርጎ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። አገባው እንጂ! የምድር ባቡር ታሪካችን ከለገሃር ይጀምራል ብሎ የሚያስብ ሰው ታሪኩን ከመካከሉ ነው የከፈተው። ሐዲዱ ከመዘርጋቱ በፊት ከባሕር ጠረፍ ወደ ሸዋ ለሚመጣ ጭነት ትልቁ በር አንኮበር ነበር። የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ በ1833 ዓ.ም. ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ያመጣው ገጸ በረከት በግመል ከታጁራ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሓ አቋርጦ ነው የደረሰው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ ጭኖ ከታጁራ አንኮበር እስኪገባ አራት ወር ያህል ፈጅቶበታል። ከአንኮበር ቁልቁል የምትገኘው አልዩ አምባም ገበያዋ የደራው በዚሁ የሲራራ ንግድ ነበር።

ሙሴ አልፍሬድ ኢልግ የተባለው የስዊስ መሐንዲስ በ1871 ዓ.ም. ገደማ ሸዋ የገባው ይህ ሁሉ ገና በሞቀበት ዘመን ነው። ምኒልክ ሙያውን ሊፈትኑ በመጀመሪያ ጫማ፣ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራ አዘዙት እየተባለ ሲተረክ ኖሯል። የባቡሩ ውል የተፈረመው ከዚያ በኋላ በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጂቡቲ ተጀምሮ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። ሐዲዱ 784 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ አንኮበርን ዘወር ብሎ እንኳ አላያትም። መናገሻው ቀድሞ ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ ተዛውሮ ነበር፤ አሁን ደግሞ ጭነቱ ተከተለው።

እስቲ እናስላው። አንዲት በቅሎ አንድ ኩንታል ትጭናለች ብንል፣ አሥር ቶን የሚይዝ አንድ ፉርጎ የመቶ በቅሎ ሸክም ያነሣል። ገለባ አይጠይቅም፣ ዳገት ላይ አይለግምም፣ መቶ ነጂም አይፈልግም። ስለዚህ የአልዩ አምባን ገበያ ያቀዘቀዘው የንጉሥ መዛወር ብቻ አይደለም፤ ፉርጎም ነው። ሥራው በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው፣ ከአዋሽ ወደ ሐራ ገበያ የሚያቀናው አዲስ መስመርም ቢሆን ቆላውን ይዞ ይሄዳል እንጂ ደጋውን አይወጣም። እንግዲህ የአያቶቹን ገበያ የወሰደውን ሣጥን በዓይኑ አይቶት ለማያውቅ ልጅ፣ ጠረጴዛው ላይ ቢያንስ ትንሹን ብናኖርለት ምኑ ነው ቅንጦቱ?

ለመሆኑ ሞዴል ምንድን ነው? አሻንጉሊት ዋናውን ዕቃ ቢመስል ይበቃዋል፤ ሞዴል ግን በቁጥር ለዋናው ይታመናል። በዓለም ላይ ባቡር በሞዴል ለሚሠሩ ሰዎች የተለመደው አንዱ መጠን አንድ ሰማንያ ሰባተኛ ነው። ስድስት ሜትር ርዝመት ያለው የፉርጎ ሣጥን በዚህ ስሌት 69 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በአሮጌው መስመራችን በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነበርና 11.5 ሚሊ ሜትር ላይ ይወርዳል። ልጁ ክፍልፋይን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳይሆን በጣቱ መካከል ያገኘዋል። አንድ ሚሊ ሜትር ቢሳሳት በሩ አይገጥምም፤ ያኔ የሚያርመው መምህሩ ሳይሆን በሩ ራሱ ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃም ከባሕር ማዶ አይጫንም። ባዶ የእርጎ ኩባያ፣ የተሰበረ የሲዲ ማኅደር፣ ከቤት ሠሪ የተረፈ የኮርኒስ ፕላስቲክ ቁራጭ፣ ማስመሪያ፣ ምላጭ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ማጣበቂያ ይበቃሉ። በላሜራው ላይ የተደረደሩት የምስማር አናቶች በመርፌ ጫፍ ከጀርባ እየተጫኑ ይወጣሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን እጅ ሲሠራ አእምሮ የሚጠይቀው ነው። በሩ ለምን ተንሸራታች ሆነ? ወደ ውጭ የሚከፈት ቢሆን አጠገቡ የቆመውን ፉርጎ ወይም የጣቢያውን መጫኛ ይገጭ ነበራ! ጣሪያው ለምን ጎበጠ? ዝናቡ እንዳይተኛበት። ከሐዲዱ ሥር የተጋደመው ለምን እንጨት ሳይሆን ብረት ሆነ? ምስጥ እንዳይበላው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚያስጠይቅ ስንት መማሪያ መጽሐፍ አለን?

ተቃዋሚዎች ሦስት ነገር ይላሉ። አንደኛው «ሕዝብ ሳይጠግብ ይህ ቅንጦት ነው» ይላል። ይህንኑ የሚለው ሰው ግን ለአንድ ቀን በዓል ባነር ሲሰቀል፣ ለጉባኤ ምሳ ሲታዘዝ ድምፁ አይሰማም። ቅንጦት ከሆነስ ተበልቶ የሚያልቀው ይሁን ወይስ በልጅ እጅ ላይ ሙያ የሚተወው?

ሁለተኛው «የፈረንጅ ጊዜ ማሳለፊያ ነው» ይላል። እርግጥ ነው፣ በእንግሊዝ አገር ኪትማስተር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ፣ በኋላም ኤርፊክስ፣ ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ባቡርና ፉርጎ በሣጥን እያሸጉ ሸጠዋል። ሣጥኑ ከመታሸጉ በፊት ግን አንድ ሰው ሜትር ይዞ ከእውነተኛው ፉርጎ ሥር ተጋድሟል፤ ፈረንጁን ፈረንጅ ያደረገው ይህ መጋደም ነው። እኛ ያለቀለትን ዕቃ ስንገዛ ኖርን፣ መለካቱን ግን ከዕቃው ጋር አልገዛነውም፤ አይሸጥምና።

ሦስተኛው «ፎቶግራፍ ይበቃል» ባይ ነው። ፎቶግራፍ ፊትን ያሳያል። ሆድ ዕቃውን፣ የፍሬኑን ዘንግ፣ የወለሉን ውፍረት አይናገርም። የአንኮበር ቤተ መንግሥት ምን ይመስል እንደነበር ለማወቅ ዛሬ የተጓዥን ሥዕልና የአዛውንትን ትረካ እንለምናለን፤ ተራራው ላይ የጠበቀን ፍራሽ ነው። ለፉርጎውስ ይህንኑ ዕጣ እንመኝለት?

ነገሩን ወደ ሥሩ ስንወስደው ግን ጠቡ ከፉርጎ ጋር አይደለም፤ ከእጅ ሥራ ጋር ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሸምነውን እየተጠቀምንበት ስንሰድበው ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጁ ምላስን አሠረ፣ ንቀቱ ግን ልብስ ቀይሮ ተመለሰ። ዛሬ የተማርን ነንና «ቡዳ» አንልም፤ «የልጅ ጨዋታ» እንላለን።

ጊዜውም አይጠብቀንም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጂቡቲ ባቡር የሐዲዱ ስፋት 1.435 ሜትር ነው። አሮጌው ፉርጎ በዚያ ላይ ሊሄድ አይችልም፤ ስለዚህ ለነጋዴው የብረት ክምር ነው። ብረት ደግሞ ሁለት ጠላት አለው፤ አንዱ ዝገት፣ ሌላው ቁራሌው። ሁለቱም ታሪክ አያነቡም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሐውልት ይቁም፣ ኮሚቴ ይዋቀር አላልኩም። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና ያስተምራል። ጥቂት ተማሪዎች ሜትርና እርሳስ ይዘው ድሬዳዋ ይውረዱ፤ አንድ ፉርጎ ብቻ ይምረጡና ከጎማው እስከ ጣሪያው ለክተው ይንደፉት። ንድፉ ተባዝቶ ለደብረ ብርሃንና ለአንኮበር ትምህርት ቤቶች ይድረስ። ልጆቹ በአንድ ሰማንያ ሰባተኛ ይሥሩት፤ ቆርኪና ሽቦ ያስተማራቸው እጅ አያሳፍራቸውም። ዋናው ፉርጎ አንድ ቀን ቢቆራረጥ እንኳ ቁጥሩ በእነሱ ዘንድ ይቀራል፤ ቁጥሩ ካለ ደግሞ እንደገና መሥራት ይቻላል።

ከተቆራረጠ በኋላ ሲምፖዚየም ብንጠራ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ይህን ሁሉ ሰምቶ አሁንም «የልጅ ጨዋታ ነው» የሚል ካለ፣ ብዙ አንከራከረውም። ማስመሪያና ምላጭ ይዞ ይቀመጥና፣ በሩ የሚንሸራተት፣ ጎማው ሐዲዱን የማይለቅ አንድ ፉርጎ ሠርቶ ያሳየን።