ጨዋታ ሁሉ አንድ ነውን?

ከአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ



በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ስለ ንባብ ጥቅም፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም፣ ስለ ወላጅ ክብር ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ስለ ቪዲዮ ጌም የተጻፈ እንደ ሆነ ግን አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ይኸውም ጌም የተማሪ ጠላት ነውና ይወገድ የሚል። እኔም ይህን አሳብ ከሥር መሠረቱ ለመንቀል አልተነሣሁም። በ2016 ዓ.ም. የመጀመሪያ መንፈቅ ዓመት በሒሳብ 52 ያመጣ ሰው እንዲህ ያለውን ክርክር ለመግጠም አፉ አይፈታም። ዳሩ ግን ጌም ሁሉ አንድ ነው፣ አንዱን ያየ ሁሉን አየ የሚለውን አነጋገር ልቀበለው ስላልቻልሁ፣ አንድ አሮጌ ጨዋታ ምስክር አድርጌ ለመከራከር ብዕሬን አንሥቻለሁ።

ጨዋታው «ሱፐር ማሪዮ 64» ይባላል። ኪዮቶ ከተማ የሚገኘው ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሠርቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሽያጭ ያቀረበው ሰኔ 16 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ነው። እንግዲህ ከእኔ ብቻ ሳይሆን ከታላቅ እኅቴም በዕድሜ ይበልጣል ማለት ነው። ወደ ቤታችን የገባውም አሜሪካ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ሊጠይቀን ሲመጣ፣ በልጅነቱ የተጫወተበትን ማሽን ከነካሴቱ በሻንጣው ይዞልኝ ስለ መጣ ነው። ማሽኑ የአሜሪካውን 120 ቮልት እንጂ የእኛን 220 የሚችል ስላልሆነ በቅድሚያ ትራንስፎርመር መግዛት ነበረብን። አባቴም «ገና ሳይጀመር ወጪ አመጣ» አሉ።

መጀመሪያ ባየሁት ጊዜ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሣቅሁ። ሰፈራችን ባለው ፕሌይስቴሽን ቤት የኳስ ተጫዋች ላብ ሲንጠባጠብ ማየት ለለመደ ዓይን፣ የዚህ ጨዋታ ዛፎች ከካርቶን ተቆርጠው የቆሙ ይመስላሉ። የማሪዮ እጆች ክብ ሳይሆኑ ማዕዘን ያላቸው ናቸው። ጓደኞቼም ቤት መጥተው ሲያዩት «ይህን ነው እንዴ ከአሜሪካ ድረስ ያመጣልህ?» ብለው ተሳለቁብኝ። እኔም ለአንድ ሳምንት ያህል ጨርቅ አልብሼ ተውሁት። መብራት ተቋርጦ ኢንተርኔት በጠፋበት ሰሞን፣ መብራቱ ቀድሞ ሲመለስ ሌላ የምሠራው ስላልነበረኝ ነው እንደገና የከፈትሁት።

በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣው የቀድሞው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ሰውየውን ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ ያስሮጠው ነበር። መንገዱ እንደ ገመድ አንድ ነው፤ ወይ ትሄዳለህ ወይ ትወድቃለህ። በ1996ቱ ግን ዓለሙ ስፋትና ጥልቀት አገኘ። በዚህ ረገድ ከሁሉ ቀዳሚ ነው ባልልም፣ ሰው በእንዲህ ያለ ዓለም ውስጥ እንዴት እንደሚራመድ፣ እንደሚዘልና ዙሪያውን እንደሚያይ ለሌሎች ሠሪዎች መንገድ ያሳየ መሆኑን ብዙዎች ይመሰክሩለታል። ሥራውን የመሩት ሺገሩ ሚያሞቶ፣ ሙዚቃውን የደረሱት ኮጂ ኮንዶ ናቸው።

ጨዋታው ሲጀምር ልዕልቲቱ ማሪዮን ኬክ ጋግሬልሃለሁና ና ብላ በደብዳቤ ትጠራዋለች፤ እርሱም ከቤተ መንግሥቱ ደጅ ይደርሳል። እዚያ ሜዳ ላይ አንድም ጠላት የለም። የሚቆጠር ሰዓት የለም፤ የሚያስቸኩልም የለም። ሣሩ ላይ መሮጥ፣ ዛፍ ላይ መውጣት፣ በውኃው መዋኘት ነው። መጀመሪያ ነገሩ አልገባኝም ነበር። በኋላ ግን እንደ ተረዳሁት ሠሪዎቹ «ከመፈተንህ በፊት ተለማመድ» ማለታቸው ነው። መምህሮቻችን አይቆጡኝና፣ እኔ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ስማር እንዲህ ያለ ሜዳ የሰጠኝ ትምህርት ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ መለማመጃውና ፈተናው አንድ ቀን ይሆኑብኛል።

የጆይስቲኩን ዱላ በትንሹ ብትገፋው ማሪዮ በጣቱ ጫፍ ይራመዳል፤ ጨምረህ ብትገፋው ይሮጣል። ይህ ዛሬ ተራ ነገር ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ለብዙ ልጅ አዲስ ነበረ። ጥቅሙም ለታይታ አይደለም። ከሁለተኛው ዓለም ውስጥ ሰው የምትነክስ ትልቅ አበባ ተኝታለች፤ ወደ እርስዋ ስትጠጋ ሙዚቃው የእሹሩሩ ዜማ ይሆናል። ሮጠህ ብትመጣ ትነቃና ትነክስሃለች፤ ቀስ ብለህ ብትራመድ ግን እንቅልፏን ትቀጥላለች። ይህን የሚነግርህ ጽሑፍ አያስፈልግህም። ዜማው ራሱ፣ ሕፃን የተኛበት ቤት እንደ ገባህ ያህል፣ እግርህን ያለዝበዋል።

ስለ መጀመሪያው ተራራ ንጉሥም ልንገራችሁ። ይህ ባለ ጢም ንጉሥ በመልኩ ቦምብ ነው፤ የሚኖረውም ከጫፉ ላይ ነው። እርሱን ለማሸነፍ ከኋላው ዞረህ ማንሣትና ሦስት ጊዜ መሬት ላይ መጣል አለብህ። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ አንሥቼ ከተራራው ወደ ገደል ወረወርሁት። እርሱ ግን ዘሎ ተመልሶ መጣና ይህ ከሕግ ውጭ ነው፣ በደንቡ ተጋጠመኝ አለኝ፤ ትግሉም ከመጀመሪያው ተጀመረ። ጠላቴ ስለ ደንብ ሲገሥጸኝ የዚያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነው።

ወደ ልዩ ልዩ ዓለማት አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ በተሰቀሉት ሥዕሎች ውስጥ በመዝለል ነው። አንዱ ክፍል የሰዓት ገጽ አለው። ቆጣሪው ከ12 ላይ ሲደርስ ብትዘልል፣ ውስጥ ያለው የሰዓት መዘውር ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆሞ ታገኘዋለህ፤ በሌላ ሰዓት ብትገባ ይዞርብሃል። ይህን ማንም አልነገረኝም። ከሃያ ጊዜ በላይ ከወደቅሁ በኋላ በአጋጣሚ ገብቼ ሁሉም ጸጥ ብሎ ሳየው ማሽኑ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ምክንያቱን ራሴ ፈልጌ ያገኘሁት በማግሥቱ ነው፤ በፊዚክስ ቤተ ሙከራ እንኳ እንዲህ ያለ ደስታ አግኝቼ አላውቅም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በዚህ ጨዋታ ያሉት ኮከቦች 120 ናቸው። 15 ዓለማት እያንዳንዳቸው 7 ኮከብ ይይዛሉ፤ ሌሎቹ 15 በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ተደብቀዋል። መጨረሻው ጠላት ዘንድ ለመድረስ ግን 70 ይበቃሉ። ሰባው ሳይሞላልህ ወደ ላይ የሚወስደውን ደረጃ ብትጀምር ደረጃው አያልቅም፤ ሙዚቃውም ሁልጊዜ ወደ ላይ የሚወጣ ይመስላል እንጂ የትም አይደርስም። ወደ ኋላህ ዘወር ስትል ከበሩ ብዙም አልራቅህም። 70 ሲሞላ ያው ደረጃ ተራ ደረጃ ይሆናል። የትኞቹን 70 እንደምትመርጥ በአብዛኛው ያንተ ፈንታ ነው፤ አንዱ ቢያቅትህ ሌላውን ትሞክራለህ። 120 ከሞላህ ደግሞ ጨዋታው አለቀ። ነገ ካልተመለስህ ትከስራለህ የሚልህ የለም፤ ተጨማሪ ክፈልም አይልህም።

ይህን ያልሁበት ምክንያት አለኝ፤ ለመጻፍም የከበደኝ ይኸው ክፍል ነው። በሒሳብ 52 ባመጣሁ ጊዜ አባቴ የውጤት ካርዱን አይተው ማሽኑን ከነትራንስፎርመሩ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። ስልኩን ግን የቤት ሥራ በቴሌግራም ስለሚላክ ተዉልኝ። እኔን ያሰነፈኝ ግን ስልኩ ላይ የነበረው ሌላ ጨዋታ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ በክፍላችን ውስጥ ግማሹ ልጅ ያውቀዋል። ያ ጨዋታ በየቀኑ ካልከፈትኸው የሰበሰብኸውን ይቀንስብሃል፤ ሌሊት «ጓደኞችህ እየጠበቁህ ነው» እያለ ይጠራሃል፤ ጥቂት እንደ ተጓዝህ ደግሞ እንቁ ግዛ ይልሃል። እኔም አያቴ ለፋሲካ ልብስ ብለው ከሰጡኝ ላይ 1400 ብር፣ ውጭ አገር ዘመድ ባለው ልጅ በኩል፣ ለማይጨበጥ እንቁ ከፈልሁ። ልብሱን ለምን እንዳልገዛሁ ስጠየቅም ዋጋው ጨምሯል አልሁ።

ማሪዮ ታስሮ ስልኩ ሲፈነጭ ዝም አልሁ። አሮጌው ማሽን በእኔ ፈንታ ጥፋተኛ ሆኖ አራት ወር ተቆለፈ። ይህን አስተያየት ለመጽሔቱ ከመስጠቴ በፊት ለአባቴና ለእናቴ ተናግሬያለሁ፤ ለአያቴም እንዲሁ። አያቴ «እንቁው የታለ?» ብለው ጠየቁኝ፤ መልስ አልነበረኝም።

አሮጌው ጨዋታ እንከን የለበትም ማለቴ እንዳይደለ ግን ይታወቅልኝ። ሥዕሉን የሚቀርጸው ካሜራ በደመና ላይ የተቀመጠ አንድ ፍጡር በዘንግ አንጠልጥሎ የሚከተልህ ተደርጎ ነው የቀረበው፤ መስተዋት ባለበት ክፍል ስትገባ ከኋላህ ሲበር ታየዋለህ። አሳቡ ያማረ ነው። ነገር ግን ጠባብ ቦታ ሲሆን ካሜራው ግድግዳ ላይ ይጣበቅና የምትረግጠውን ሳታይ ትወድቃለህ፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ ቅጣቱ ግን ያንተ ነው። በአንድ ዓለም 100 ሳንቲም መሰብሰብም አድካሚ ነው፤ በ96ኛው ላይ ብትሞት ከዜሮ ትጀምራለህ። በመጨረሻው ዓለም የምትበረው ምንጣፍ ዝግታዋ ያንገሸግሻል። የአክስቴ ልጅ እንዲህ ያለውን ሁሉ በትዝታ ብዛት ይቅር ይለዋል፤ እኔ ግን ትዝታ ስለሌለኝ ይቅር አልልም።

በአውሮፓውያን ሐምሌ 2021 አሜሪካ ውስጥ አንድ ያልተከፈተ የዚህ ጨዋታ ካሴት በጨረታ 1.56 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። እኔ በበኩሌ ከዚያ ካሴት ይልቅ ስሜ የተጻፈበትን፣ ጠርዙ የተፋፋቀውን የእኛን እመርጣለሁ። ያኛው እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ልጅ አልተጫወተበትም።

ወደ አባቴ ክርክር ልመለስ። ጉዳዩን ስነግራቸው ከሁሉ አስቀድመው ያሉኝ «ጥሩ ጨዋታም ቢሆን ጊዜ ይበላል» ነው። ይህ እውነት ነው። አሮጌውን ጨዋታ ለመጨረስ የፈጀብኝ ሰዓት መጻሕፍት ያስነብብ ነበር። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት በሒሳብ 68 ያመጣሁትም በማሪዮ ትምህርት ሳይሆን የሚያስጠናኝ ልጅ በየቅዳሜው እየመጣ ስላስለቀሰኝ ነው። ስለዚህ ጌም ያስተምራል ብዬ አልከራከርም። የምለው ይህ ነው፤ የሚያልቅ ጨዋታ አለ፣ እንዳያልቅ ሆኖ የተሠራም አለ፤ ወላጅ ሁለቱን በአንድ ቁልፍ ሲቆልፍ ልጁ የሚደብቀው የባሰውን ነው። እናንተ ወላጆች ሆይ፣ «ስንት ሰዓት ተጫወትህ?» ከማለት በፊት «ምን ተጫወትህ? እስቲ አሳየኝ» ብትሉን፣ እኔን የመሰለ ተማሪ ለመዋሸት ይቸግረው ነበር። መምህሮቻችንም የቤት ሥራውን በስልክ ብቻ ባይልኩት መልካም ነው፤ ይህን የምለው በአክብሮት ነው።

አባቴ ማሽኑን ያወጡት ባለፈው ሚያዝያ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። «እስቲ አሳየኝ» አሉ። ጆይስቲኩን በሰጠኋቸው ጊዜ ሦስት እጀታ ያለው ስለሆነ የትኛውን እንደሚይዙ ግራ ገባቸው፤ እኔም በመጀመሪያው ቀን እንዲሁ ሆኜ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ከቤተ መንግሥቱ ደጅ አልወጡም። ድልድዩን እንሻገራለን ብለው አምስት ጊዜ ውኃ ውስጥ ገቡ፤ በስድስተኛው ተሻገሩ። ከዚያ በረዶ ካለበት ተራራ ገባንላቸው። እዚያ አንዲት የጠፋች ጫጩት ፔንግዊን አለች፤ እስከ ታች ተሸክመሃት ለእናትዋ ታደርሳታለህ። ታች ያለችውን ሌላዋን ጫጩት ብትሰጣት እናትዋ ልጄ አይደለችም ብላ አትቀበልም። አባቴ ጫጩቷን ይዘው ሲወርዱ ከጠርዙ ተንሸራትተው ወደቁ፤ ያን ጊዜም መብራት ጠፋ።

በማግሥቱ ጧት ትምህርት ቤት ልሄድ ስወጣ፣ ጫማቸውን እያሰሩ ቀና ሳይሉ «ያችን ሕፃን ለእናትዋ ሳናደርሳት ቀረን አይደል?» አሉኝ።