ካቶሊክ ጎረቤቶቻችንን ዕድሩ እስከ የት ይሸኛል?



ለመጪው ጠቅላላ ስብሰባ ከተያዙት ጉዳዮች ብዙ ሰው ያነጋገረው የድንኳኑ ጥገናም የወንበሩ ግዥም አይደለም። በሰፈራችን የሚኖሩት ጥቂት ካቶሊኮች ሲያርፉ ዕድሩ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። በየቡናው ሲወራ ሰንብቷል። አንዳንዱ ወሬ ከጉዳዩ የወጣ በመሆኑ እኛም የበኩላችንን ጽፈን በዚህ ሰሌዳ ላይ መለጠፍን መርጠናል።

ነገሩን ያስነሣው ሁላችሁም የምታውቁት ሐዘን ነው። ከደቡብ በኩል በመምህርነት ተመድባ መጥታ ከሃያ ዓመት በላይ አብራን የኖረችው ጎረቤታችን ባለፈው ክረምት ዐርፋለች። ስሟን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም፤ የአንበሳሜ ልጅ «ቲቸር» ካለ ማንን ማለቱ እንደሆነ ይታወቃል። አራስ ቤት ገንፎ ለማገንፋት ከዘመድ ቀድማ የምትደርስ እሷ ነበረች። ክርስትና ሲነሣ ከቅጥሩ ውጭ ዛፍ ሥር ቁጭ ብላ ትጠብቅና፣ ሕፃኑ ተጠምቆ ሲወጣ እልልታውን የምትጀምረው እሷ ናት። ከዚያ ቤት ገብታ ወጥ ትጨልፋለች። አበልጅ ሊያደርጋት የሚወድ ስንት ሰው ነበር፤ ሥርዓቱ አይፈቅድም። እሷም ታውቀዋለች፤ አንድም ቀን ቅር ሲላት አላየንም። ልጇን ያስመረቀች ጊዜ ደግሞ ግቢዋ አልበቃ ብሎ ድግሱ እስከ መንገዱ ወጥቶ ነበር። መቼስ የዚያን ቀኑን ጭፈራ የረሳ የለም።

ስታርፍ ጡሩምባው ተነፋ፣ ድንኳኑ ተተከለ፣ ንፍሮው ተቀቀለ። እስከዚህ ድረስ ዕድሩ ያጎደለው የለም። የጎደለው መንገዱ ነው። አስከሬኑ በሐሙሲት በኩል ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ፣ ተከትሎ የሄደው ሰው በየኪሱ ከፍሎ ነው። አንዲት እናታችን ከመቀነታቸው ፈትተው ሲከፍሉ ረዳቱ አልቀበልም ብሎ ጉድ ሆነ፤ እሳቸውም «ቲቸርን በነጻ አልሸኝም» ብለው ሰጡት። አብዛኛው ሰው ግን የሚከፍለው ስላልነበረው ከመኪናው መነሻ ላይ አልቅሶ ተመለሰ። ልጆቿ እቀብሩ ላይ ሲደርሱ አብሯቸው የቆመው የአንበሳሜ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ይኸ ነው ሰውን የቆጨው።

የመተዳደሪያ ደንባችን ዕድርተኛ ቀብር የሚወጣው «እስከ ቤተ ክርስቲያን» ነው ይላል። ስም የሚጠራውም እዚያው ነው። ደንቡ ሲጻፍ ሁሉም ቀብር በከተማችን የሚፈጸም ስለነበረ ሌላ ነገር መጻፍ የታሰበው የለም። በቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር የሚቀበረው ደግሞ የሃይማኖቱ ተከታይ ነው። ይኸ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንጂ ዕድር የሚወስነው ጉዳይ ስላልሆነ ከካህናቱ ጋር የሚያከራክረን ነገር የለም። እኛ የምንለው ስለ ዕድሩ ገንዘብና ስለ ዕድርተኛው እግር ነው።

አንዳንድ ሽማግሌዎች «ካቶሊክ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ቅር እንደሚላቸው እናውቃለን። ምክንያት የሌለው ቅሬታ አይደለም። የጣና ዳርቻ ሰው ይኸን ታሪክ ከአያት ከቅድመ አያቱ ሰምቶታል። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የሮምን እምነት በይፋ ተቀበሉ። እሳቸውን ያሳመነው ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው ኢየሱሳዊ ቄስ በዚያው ዓመት ጎርጎራ ላይ ሞተ፤ እሱስ ቢሆን በለዘብታ የሚሠራ ሰው ነበር ይባላል። በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይሾሙ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና ይባረኩ አለ። አገር በጦርነት ታመሰ፣ የገዛ ወገን ከገዛ ወገኑ ተላለቀ። በ1632 ሱስንዮስ የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ ዐውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስም ሚስዮናውያኑን ከአገር አስወጡ። የዚያ ዘመን የድንጋይ ሕንፃ ፍራሽ በጎርጎራ በኩልም በእንፍራዝ አጠገብ ደብሳን ላይም አለ።

ግን እስቲ ልብ ብለን እናስብ። ያን ያደረገው ከባሕር ማዶ የመጣ ሹም ነው። ሰፈራችን ያሉት ካቶሊኮች ከሐዲያ፣ ከወላይታ፣ ከአዲግራት የመጡ መምህርና ነርስ፣ እንደኛው ኢትዮጵያውያን ናቸው። ሜንዴዝ የነቀፈውን የግእዝ ሥርዓት የዛሬዋ የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ትቀድስበታለች። ገናቸው ታኅሣሥ 29 ነው፣ ጥምቀታቸው ጥር 11፣ ፋሲካቸውም ከኛው ጋር። ሩቅ አገር የተወለደ እምነት ነው እንዳይባልም ጎጃምን አትርሱ፤ በመርጡለ ማርያም አካባቢ በ1791 እ.ኤ.አ. የተወለዱት አባ ገብረ ሚካኤል ትልቅ የግእዝ ሊቅና መነኩሴ ሳሉ ካቶሊክ ሆነው፣ በዚያው ሳቢያ በ1855 በእስር ሞተዋል። ሮም በ1926 ብፁዕ ብላቸዋለች። ጥንት ሱስንዮስ በኃይል ሲጭኑ፣ ኋላ ደግሞ በአባ ገብረ ሚካኤል ላይ በኃይል ሲከለከል፣ ሁለቱንም ይኸው አገር አይቶታል።

ቁጥራቸውም የሚያሰጋ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በመላ አገሪቱ ካቶሊኮች ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም። በኛ ክልል ደግሞ ከዚያም እጅግ ያንሳሉ። የባሕር ዳርና ደሴ ሀገረ ስብከታቸው የተቋቋመው በቅርቡ ነው፣ ጥር 11 ቀን 2007 ዓ.ም.፤ እኛ በጥምቀተ ባሕሩ ዙሪያ እልል በምንልበት በዚያው ቀን። የመጀመሪያው ጳጳስ ሆነው የተሾሙት አቡነ ልሳነ ክርስቶስ ማቴዎስ ናቸው። ስለዚህ ከሰፈራችን አንድ ካቶሊክ ሲያርፍ ቤተ ሰቡ ቄስ የሚያገኘው ባሕር ዳር ነው ማለት ነው።

ደግሞስ ለዕድራችን ይኸ አዲስ ነገር ነው እንዴ? ሙስሊም ጎረቤታችን ሲሞት እስከ መቃብራቸው እንሄድ የለም ወይ? ደንቡ ላይ አልተጻፈም፤ ግን ማንም ከቅጥሩ ልመለስ ብሎ አያውቅም። እነሱም የኛን ሬሳ ተሸክመው እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያደርሳሉ። የነሱ መቃብር እዚሁ ስለሆነ እግር ብቻ በቃ። ለካቶሊኮቹ ግን እግር አይበቃም፣ ኪራይ ያስፈልጋል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

የገንዘብ ያዡን ስጋት ችላ አንልም። አውቶቡስ መከራየት ቀላል ወጪ አይደለም፣ የናፍጣውም ዋጋ እንደምታዩት ነው። ሆኖም በዓመት አንዴ ይደርስ አይደርስ ለማይታወቅ ነገር ሣጥኑ አይራቆትም። ይልቅ የሚከብደው ሌላው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ቀን ስንት ጊዜ ገጥሞናል? ያን ቀን አንድ ካቶሊክ ጎረቤታችን ቢሞት አስከሬኑን የት እናደርሰዋለን? ባለፈው ክረምት መንገዱ ክፍት ሆኖ ተገኘ እንጂ፣ ባይሆን ኖሮ ቲቸርን የምናሳርፍበት አንድ ክንድ መሬት በዚህ ከተማ አልነበረንም። ለሰው ሃያ ዓመት መኖሪያ ሰጥቶ መቀበሪያ ማጣት ያሳፍራል።

ስለዚህ ለስብሰባው የምናቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው። «እስከ ቤተ ክርስቲያን» የሚለው «እስከ መቀበሪያው ቦታ» ተብሎ ይለወጥ። ቀብሩ ከከተማው ውጭ ከሆነ ዕድሩ ለሸኚ አንድ መኪና ይከራይ፤ ማን እንደሚሳፈር ዳኛውና ቤተ ሰቡ ይወስኑ፣ ለሽማግሌዎችና ለእናቶች ቅድሚያ ይሰጥ። የቀረው ሰው ስሙ በድንኳኑ ይጠራ፤ እዚያ የተገኘ እንደ ቀባሪ ይቆጠር፣ ቅጣት አይጻፍበት። የመቃብር ቦታውን ጥያቄ ደግሞ ሦስት ሰው መርጠን ለማዘጋጃ ቤት በጽሑፍ እናቅርብ። ጥያቄው በዕድሩ ስም ይሁን፤ ለነዚያ ለጥቂቶቹ ብቻ ከተተወ ማን ይሰማቸዋል?

በልቅሶ ቤት ስለሚቀርበው ምግብ የተነሣው ክርክር ለስብሰባ የሚበቃ አልመሰለንም። በጾም ቀን ሁሉም የጾም ይቀርብለታል፣ እስካሁንም ሌላ ሲቀርብ አላየን።

ስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በተለመደው ቦታ ነው። የደንቡ ማሻሻያ ረቂቅ በጸሐፊው ቤት ይገኛል፤ ማንበብ ለማይችሉ አባቶችና እናቶች ማታ ማታ ጸሐፊው ያነብላቸዋል። የቲቸር ታላቅ ልጅም የእናቷን መዋጮ በስሟ ለመቀጠል ማመልከቻ አስገብታለች፤ እሱም የሚታየው በዚያው ቀን ነው።