የበልግ መግቢያና የተራራ ጉዞ፦ በሀዲያና በከምባታ አካባቢ ተጓዦች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል፣ በተለይም በሀዲያና በከምባታ ዞኖች፣ የበልግ ዝናብ የሚገባበት ጊዜ ለተራራ ተጓዦች እጅግ አሳሳች ነው። በክረምት ሁሉም ሰው ዝናብ ይጠብቃል፤ ዝግጅቱም በዚያው ልክ ነው። በየካቲትና በመጋቢት ግን ጥርት ያለ የጠዋት ሰማይ አይቶ የወጣ መንገደኛ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ፣ በረዶና ከባድ ዝናብ ሊያገኘው ይችላል። ወቅቱን አደገኛ የሚያደርገው ይህ ድንገተኛነቱ ነው።

የተጓዡ ቁጥር ሲጨምር

በከምባታ ዞን ከዱራሜ ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው የሀምበሪቾ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ተራራው ለአካባቢው ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ታሪካዊ ስፍራ ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሀምበሪቾ 777 በሚል ስያሜ የቱሪዝም መዳረሻ ሆኖ ለምቷል። ስያሜው ወደ ተራራው አናት የሚያደርሱትን 777 ደረጃዎች ያመለክታል። በዚህም ምክንያት ከዚህ በፊት ተራራ የመውጣት ልምድ ያልነበራቸው ቤተሰቦች፣ ተማሪዎችና የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ከዱራሜ፣ ከሆሳዕናና ከአዲስ አበባ ጭምር ወደ ስፍራው ይጓዛሉ።

ደረጃው መንገዱን አቅልሏል፤ የተራራውን አየር ግን አልለወጠም። አቀበቱ በቀለለ ቁጥር ቀላል ልብስ ለብሶ፣ ሕፃናትን ይዞና አርፍዶ የሚወጣው ሰው ይበዛል። በሌላ በኩል በአንጋጫ፣ በዶዮገናና በአካባቢው ኮረብታማ ቀበሌዎች ለገበያ፣ ለትምህርትና ለእርሻ በየዕለቱ ዳገት የሚወጡና የሚወርዱ ነዋሪዎች አሉ። ለእነዚህ ዜጎች የተራራ ጉዞ የኑሮ ግዴታ በመሆኑ ቀን መርጦ መቅረት አይቻላቸውም፤ ሰዓትን መምረጥ ግን ብዙ ጊዜ ይቻላቸዋል።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ለምን ይለወጣል?

የኢትዮጵያ ሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት ዓመቱን በሦስት ወቅቶች ይከፍለዋል። በጋ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ክረምት ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ጊዜ ይሸፍናሉ። በበጋ ወራት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ ያመዝናል። በልግ ሲገባ ግን የዝናብ ሰጪው ቀጠና የፀሐይን ጉዞ ተከትሎ ወደ ሰሜን ይመለሳል፤ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣ እርጥበት አዘል አየርም ወደ ደቡብና መካከለኛው የሀገሪቱ ክፍል ይዘልቃል።

ይህ እርጥበት በጠዋቱ ሰማይ ላይ ላይታይ ይችላል። ፀሐይ ከፍ ስትልና ተዳፋቱ ሲሞቅ አየሩ ወደ ላይ እየወጣ ይቀዘቅዛል፤ ተራራውም ራሱ አየሩን ወደ ላይ ይገፋዋል። ከቀትር በኋላ የክምር ደመናዎች የሚያድጉት በዚህ ሂደት ነው። ነጎድጓድ፣ መብረቅና በረዶ የሚያመጡትም እነዚሁ ደመናዎች ናቸው። በመሆኑም ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ተነሥቶ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ድረስ ከተራራው የወረደ ተጓዥ አብዛኛውን ስጋት አልፎታል ማለት ይቻላል። አርፍዶ ተነሥቶ በ8 ወይም በ9 ሰዓት አናት ላይ የሚገኝ ሰው ግን ደመናው በሚበረታበት ሰዓት ከሁሉም ከፍ ብሎ ይቆማል።

መብረቅ፦ ቀዳሚው ስጋት

በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በሩዋንዳ ደቡባዊ ክፍል በምትገኝ ተራራማ ወረዳ ቤተ ክርስቲያን ላይ በወረደ መብረቅ 16 ምእመናን ሕይወታቸውን አጥተዋል። ክስተቱ ጣሪያና ግድግዳ ብቻ በቂ መከላከያ እንዳልሆኑ ያሳያል። በተራራ አናት ላይ ያለ ዳስ ወይም ግድግዳ የሌለው መጠለያ ከዝናብ ቢያስጥልም ከመብረቅ አያድንም።

የመብረቁን ርቀት ለመገመት ብልጭታው ከታየበት ጊዜ አንሥቶ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ድረስ መቁጠር ይበቃል። ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቆጠራው ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ስለሚገኝ ሳይዘገዩ መውረድ ያስፈልጋል። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሶ መውጣት አይገባም። በዚህ ጊዜ ከብቸኛ ዛፍ ሥር መጠለል፣ ከብረት አጥር ወይም ድጋፍ ጋር መነካካትና በቡድን ተጠጋግቶ መቆም አደጋውን ያባብሳሉ። መስኮቶቹ የተዘጉ ተሽከርካሪ የተሻለ መጠለያ ነው።

በመብረቅ የተመታ ሰው በሰውነቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይዞ አይቆይም። ስለሆነም እርሱን መንካት አደጋ የለውም፤ ትንፋሹ ወይም የልብ ምቱ ቆሞ ከሆነ በቅጽበት የሚሰጥ የመጀመሪያ ርዳታ ሕይወቱን ሊያተርፍ ይችላል።

ብርድ፣ ጉምና የሚንሸራተት መሬት

ከፍታ በ1 ሺህ ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይቀንሳል። በዱራሜ ወይም በሆሳዕና ደስ የሚል የቀን ሙቀት በሀምበሪቾ አናት ላይ፣ ነፋስና እርጥብ ልብስ ሲጨመርበት፣ ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥ ብርድ ይሆናል። ሕፃናትና አረጋውያን ቀድመው ይጎዳሉ። የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ፣ የንግግር መጎተትና መደናገር የሰውነት ሙቀት የመውረዱ ምልክቶች ናቸው፤ እርጥብ ልብስ አውልቆ ደረቅ ማልበስና ከነፋስ መከለል ግድ ይላል። ጉም ሲወርድ ደግሞ ከተለመደው መንገድ ወጥቶ አቋራጭ መፈለግ አያስፈልግም።

የበልግ መግቢያ ለመሬት መንሸራተትም የራሱ ባሕርይ አለው። በበጋ ደርቆ የተሰነጠቀና ሣሩ የሳሳ ተዳፋት ከባድ ዝናብ በድንገት ሲወርድበት ውኃው በስንጥቆቹ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ቀሪው ደግሞ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። በአጎራባቹ የወላይታ ዞን በግንቦት 2008 ዓ.ም.፣ ከከባድ ድርቅ ቀጥሎ በመጣው የበልግ ዝናብ፣ በርካታ ዜጎች በመሬት መንሸራተት ሞተዋል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በደረሰው አደጋ ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወት አልፏል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ቀድመው የተቀበሩትን ለማውጣት በተሰበሰቡበት ሁለተኛ ናዳ የወረደባቸው ነበሩ። የኋለኛው በክረምት የደረሰ ቢሆንም ትምህርቱ ለሁሉም ወቅት ይሠራል፤ አንድ ጊዜ የተናደ ተዳፋት ዳግም ሊናድ ስለሚችል የነፍስ አድን ሥራ ከላይ ያለውን መሬት የሚከታተል ጠባቂ ይፈልጋል። አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ዛፍ፣ በድንገት የደፈረሰ ወይም የፈለቀ ምንጭ ያየ ሰው አካባቢውን ለቅቆ ለቀበሌው አስተዳደር ማሳወቅ ይኖርበታል።

ትንበያን ለተራራ መተርጎም

ኢንስቲትዩቱ የዕለት፣ የአሥር ቀን፣ የወርና የወቅት ትንበያ ያወጣል፤ መረጃውም በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በድረ ገጹ ይሰራጫል። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው በአነባበብ ላይ ነው። ትንበያው የሚነገረው ለዞን ወይም ለከተማ ሲሆን፣ የሆሳዕና የመለኪያ ጣቢያ የሚመዘግበው የሆሳዕናን አየር እንጂ የሀምበሪቾን አናት አይደለም። መግለጫው “በአንዳንድ ስፍራዎች ነጎድጓድ የቀላቀለ ዝናብ ይኖራል” ሲል የከተማ ነዋሪ ዝናቡ ሌላ ቦታ ይዘንባል ብሎ ቢገምት ላይሳሳት ይችላል። ተራራ የሚወጣ ሰው ግን ከፍ ያለው መሬት ደመናን ስለሚስብ ራሱን ከእነዚያ “አንዳንድ ስፍራዎች” አንዱ ላይ እንዳለ አድርጎ ሊቆጥር ይገባል።

ከዚህ በመነሣት ለተጓዦችና ለጉዞ አዘጋጆች የሚከተሉት ይመከራሉ፦

• የአሥር ቀኑን ትንበያ አይቶ ቀን መምረጥ፣ የዕለቱን ትንበያ ደግሞ በዋዜማው ምሽትና በጠዋት ማረጋገጥ፤
• ከመነሣት አስቀድሞ የመመለሻ ሰዓት መወሰንና አናት ላይ ሳይደረስ እንኳ በሰዓቱ መመለስ፤
• የዝናብ ልብስ፣ ደረቅ ቅያሪ ሹራብ፣ የማያዳልጥ ጫማ፣ ውኃ፣ የእጅ ባትሪና የተሞላ ስልክ መያዝ፤
• የሚወጡበትን ሰዓትና መንገድ በከተማ ለቀረ ሰው መንገር፣ በስፍራው ያሉ አስጎብኚዎችንና ነዋሪዎችን መጠየቅ፤
• ተማሪዎችን የሚያስጎበኙ ትምህርት ቤቶች ጉዞውን ለመሰረዝ ሙሉ ሥልጣን ያለው አንድ ኃላፊ መመደብ፤
• የሞላ ወንዝ ወይም የጎርፍ መውረጃ ሲያጋጥም ሳይሻገሩ መጠበቅ፤
• የወረዳውን ጤና ጣቢያና ፖሊስ ስልክ ቀድሞ መመዝገብ፣ ለአምቡላንስ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርን በ907 መጥራት።

የአካባቢው አስተዳደሮችና የመዳረሻው ጠባቂዎች በበኩላቸው የዕለቱን ትንበያ በተራራው መግቢያ ላይ ቢለጥፉና ከሰዓት በኋላ ደመና ሲከምር መውጫውን ለጊዜው ቢዘጉ፣ ቀድሞ የተነገረ መረጃ በጊዜ ወደ ውሳኔ ይለወጣል። ተራራው ለሌላ ቀን ይቆያል፤ በጊዜ የተመለሰ ተጓዥም ዳግም ሊጎበኘው ይችላል።