የስኳር በሽታን መድኃኒት በቫይታሚን ስለ መለወጥ



ይህችን አጭር አሳቤን በአንባቢያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ለመጻፍ ያነሣሣኝ በምኖርበት በዲላ ከተማ ሐኪም ያዘዘለትን የስኳር በሽታ መድኃኒት ትቶ «አንቲኦክሲዳንት» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ብልቃጥ የሚገዛ ሰው በዓይኔ ማየቴ ነው።

በአንድ ክፍል አብሮኝ የሚሠራ ባልደረባዬ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ እንዳለበት ተነግሮት ሜትፎርሚን የሚባለው ኪኒን ታዘዘለት። መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሆዱን አስቸገረው። በዚሁ ጊዜ አንድ ወዳጁ፥ «የዚህ በሽታ ጉዳቱ የሰውነት መዛግ ነው፤ ዝገቱን የሚከለክል ቫይታሚንና የሽፈራው ዱቄት ብትወስድ ይሻልሃል» ሲል መከረው። ያ ወዳጅ እኔ ነበርሁ። ከስምንት ወር በኋላ በእግሩ ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል አልድን ብላ ሁለት የእግር ጣቶቹን አሳጣችው።

ያነበብሁት ነገር ሐሰት አልነበረም፤ ግማሽ ነበር እንጂ። ስኳር በደም ውስጥ ሲበዛ፥ በሕዋሳት ውስጥ ምግብን ወደ ኃይል የሚለውጡት ማይቶኮንድሪያ ከመጠን ያለፈ ሱፐርኦክሳይድ ያወጣሉ። ይህም ያገኘውን ሁሉ የሚያጠቃ የኦክስጅን ዓይነት ነው። የሰውነት መከላከያ ሲያንሰው የደም ሥሮችን፣ የዓይንን ብርሃን ተቀባይ ክፍል፣ ኩላሊትንና ነርቭን ይጐዳል። ኢንሱሊን የሚሠሩት የቆሽት ሕዋሳት ደግሞ በተፈጥሮአቸው መከላከያቸው አነስተኛ ስለሆነ ቶሎ ይደክማሉ፤ እነርሱ በደከሙ ቍጥር ስኳሩ ይጨምራል። ሐኪሞች ይህን ኦክሲዴቲቭ ስትሬስ ይሉታል፤ አሜሪካዊው ሐኪም ማይክል ብራውንሊም በአውሮፓ አቈጣጠር በ2001 ባወጣው ጽሑፍ የጉዳቱን መንገዶች ከዚሁ አንድ ምንጭ አያይዞ አስረድቷል።

እንግዲህ ዝገቱን በቫይታሚን ማስቀረት አይቻልምን? የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ይህ ተሞክሯል። በእንግሊዝ አገር 20,536 ሰዎች፥ ከነዚህም ወደ 6,000 የሚጠጉት የስኳር በሽተኞች የሆኑበት ትልቅ ጥናት ተደርጎ፥ ግማሾቹ ለአምስት ዓመት ያህል በየቀኑ ቫይታሚን ኢ 600 ሚሊግራም፣ ቫይታሚን ሲ 250 ሚሊግራምና ቤታ ካሮቲን 20 ሚሊግራም ወሰዱ። በ2002 ውጤቱ ሲወጣ ከልብ ድካምም፣ ከስትሮክም፣ ከሞትም አላዳናቸውም። በዚያው በእንግሊዝ አገር በ1998 በወጣው ሌላ ጥናት ግን፥ ክብደታቸው የበዛ የስኳር በሽተኞች ሜትፎርሚን በመውሰዳቸው ከበሽታው ጋር በተያያዘ ምክንያት መሞት በ42 ከመቶ ቀነሰላቸው። ሜትፎርሚን ጉበት ወደ ደም የሚለቀውን ስኳር ይቀንሳልና ዝገቱን ከምንጩ ይይዘዋል። ቫይታሚኑን ብቻ መያዝ ጣራው እያፈሰሰ ወለሉን እንደ መወልወል ነው፤ የዲላን ዝናም የሚያውቅ ይህን አያጣውም።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወዳጆቼ «ቡናችን ራሱ ዝገት ከልካይ አለበት» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ክሎሮጄኒክ አሲድ የሚባል ነገር አለበት። የይርጋጨፌን ቡና ከመሥሪያ ቤታችን በር ላይ በሦስት ማንኪያ ስኳር እየጠጡ ይህን ማውራት ግን ያስቃል። ቆጮና ቡላም ስታርች መሆናቸውን አንርሳ።

መድኃኒቱ ሆድ ቢያስቸግር ከምግብ ጋር መውሰድ፥ ከትንሽ መጠን ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር፥ ለሐኪምም መናገር ይገባል እንጂ መጣል አይገባም፤ በብዙዎች ላይ ችግሩ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይቀላል። ለብዙ ዓመት ለሚወስደው ሰው የቫይታሚን ቢ 12 ማነስ ሊመጣ ስለሚችልና ኩላሊትም መታየት ስላለበት ምርመራው ሊቋረጥ አይገባም። ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ ደግሞ ጾም ከመግባታቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ ባዶ ሆድ ላይ ስኳርን ከመጠን በታች ያወርዳልና።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። የመድኃኒት መደብር ባለቤቶች ቫይታሚን ለሚገዛ ሰው «የስኳር መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ? እርሱን ትተህ እንዳይሆን» ብለው ይጠይቁ፤ ይህ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም ለክትትል ቀን ፈቃድ የሚጠይቀውን ሠራተኛ «ደህና ትመስላለህ» እያሉ አይመልሱት። ባልደረባዬ አንዱን ቀጠሮ ያሳለፈው በዚህ ምክንያት ነበር። አሁን ወደ ሜትፎርሚኑ ተመልሷል፤ ቀጠሮው በሚሆንበት ቀን የእርሱን መዝገብ እኔ እይዛለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከዲላ